ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቅጂው የት ነው የተቀመጠው?

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ምሽት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ማዕከል እሳት ተነሳ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት «ጂ-ድራይቭ» 858 ቴራባይት ዳታ ይዞ ወደመ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም።

ዳታን ማባዛት እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ታንደም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1976 ለደንበኛ ያስረከበው «ኖንስቶፕ» ኮምፒውተር አንዱን ዳታ በሁለት ዲስኮች ላይ ማስፈር ይችል ነበር። ዘዴው እስከ ዛሬ «ሚረር»፣ መስታወት ይባላል። የታንደም መሐንዲሶች ግን ዲስኩን ብቻ አላባዙም፤ መቆጣጠሪያውንና የኤሌክትሪክ ምንጩንም አባዙ። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ።

በ1988 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ «ሬይድ»ን አስተዋወቁ፦ በአንድ ውድ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ መጠቀም። መስታወቱ የመጀመሪያው ደረጃ ሆነ። ቀጥሎ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ቋት የሚያሳዩ ሶፍትዌሮች ተስፋፉ። ባለሙያውም ቋቱን እንጂ ዲስኩን ማየት ተወ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቋቱ መጀመሪያ ሲሠራ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ አንዱ ቅጂ በዚህ መደርደሪያ፣ ሌላው በዚያ። ቆይቶ ቋቱ ይሞላል። «ጨምርልኝ» ሲባል ሶፍትዌሩ ባዶ ቦታ ካገኘበት ይወስዳል። የሊኑክሱ ኤልቪኤም ለምሳሌ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዲስክ ላይ እንዳያርፉ ይጠነቀቃል፤ ሁለቱ ዲስኮች አንድ መደርደሪያ ላይ መሆናቸውን ግን ካልነገሩት አያውቅም። መፍትሔው የሚጨመሩትን ዲስኮች በስም መጥቀስ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ቅጂ በየወገኑ መቅረቱን ማረጋገጥ ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካልተሠራ ግን ቋቱ «ደህና ነኝ» ማለቱን ይቀጥላል፤ መደርደሪያው በጠፋ ቀን ሁለቱም ቅጂዎች አብረው ይጠፋሉ።

መደርደሪያን የሚመለከተው ሕግ ሕንፃንም ይመለከታል። በ2021 የፈረንሳዩ ኦቪኤች የስትራስቡርግ ማዕከል ሲቃጠል፣ ቅጂያቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ።

ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «የዜጎች ዳታ ቅጂ አለው» ሲለን፣ ስንት ቅጂ እንዳለ ጠይቀን ዝም አንበል። የት ነው? ባለፈው ሲሰፋስ የት አረፈ? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።