ጓዝና ልጅ፦ ሕፃናት በአገራችን የጉዞ ታሪክ

ባለፈው የብርድ ወራት የማኅበራችን አባላት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አዳራሽ በተሰበሰብን ጊዜ፣ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሰባት ሕፃናት በወላጆቻቸው ካፖርት ላይ ተኝተው ነበር። ክርክሩ እየጋለ ሰዓቱም እየገፋ ሲሄድ፣ ከመካከላቸው አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነቅታ ወጣችና እናቷን «ጓዛችን የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱ እንዳስረዳችን፣ ልጅቱ ከተወለደች ወዲህ ቤተሰቡ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ቤት ለውጧል። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ካርቶን ይታሰራል፤ የታሰረው ካርቶን «ጓዝ» ይባላል፤ ልጅቱም ቤት ከሚለው ቃል ይልቅ ጓዝ የሚለውን አጥብቃ ይዛለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያ ጥያቄ ስላልለቀቀን ነው። በአማርኛችን ጓዝ ማለት የዕቃ ጭነት ብቻ አይደለምና። በዘመቻ ቋንቋ ጓዝ የሚባለው ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዘው ሚስት፣ ልጅ፣ ገረድ፣ አሽከር፣ ስንቅና ድንኳን በአንድነት ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጀን ከኋላ፣ ጓዙ ከመካከል። በአራቱም አቅጣጫ የሚሄደው ማዕረግ አለው፤ ዜና መዋዕል ይጻፍለታል። ከመካከል የሚሄደው ግን ሕፃኑም ወፍጮውም በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ቀርቷል። ጸሐፍተ ትእዛዝ ንጉሡ በየት እንዳደረ ቀን በቀን ሲመዘግቡ፣ በዚያች ሌሊት በጓዙ መካከል ስንት ልጅ እንደተወለደና ስንት እንደተቀበረ ለመመዝገብ አልደከሙም።

ጉዞው ደግሞ የጥቂት ቀናት ጉዳይ አልነበረም። ጎንደር በ17ኛው መቶ ዘመን ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ በቋሚ ከተማ ሳይሆን በሚነቃነቅ ሠፈር ይኖሩ እንደነበር የታወቀ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የሠራዊት ሠፈር ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠፈር በድንኳን የተሠራ ታላቅ ከተማ እንደነበረ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ ችሎቱ ድንኳን፣ ገበያው በየሠፈሩበት የሚቆም ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው ግን ሥርዓቱ ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ ሌላው ሁሉ የራሱን ስፍራ ያውቃል፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ በቀኝና በግራው ይተክላል።

ይህን ሥርዓት የታሪክ ጸሐፊዎች የመንግሥት ጥበብ አድርገው ይተነትኑታል፤ ትክክል ነው። እኛ ግን በሕፃን ዓይን ስናየው ሌላ ነገር እናያለን። ልጁ ዛሬ ሸዋ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አንጎት ቢያድር፣ ከድንኳኑ በስተቀኝ ያለችው ጎረቤት ያችው ጎረቤት ናት፤ አብሮት የሚጫወተውም ያው ልጅ ነው። ምድሩ ይለወጣል እንጂ መንደሩ አይለወጥም። ይህን የምናነሣው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም፤ ከራሳችን ጋር ለማነጻጸር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ርቀት ፖቶማክን ተሻግሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ባይሞላም፣ ልጆቻችን በተሻገሩት ቁጥር ትምህርት ቤታቸውንም፣ ጎረቤታቸውንም፣ ጓደኛቸውንም ይለውጣሉ።

ሠፈሩ ለምን ይነሣ ነበር? ጦርነት፣ ግብር መሰብሰብ፣ ሥልጣንን ማሳየት፤ እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ናቸው። የዕለት ተዕለቱ ምክንያት ግን ሆድና እሳት ነው። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ስፍራ ለብዙ ወራት ሲቀመጥ የአካባቢው እህል ያልቃል፤ እንጨቱም ተቆርጦ ያልቃል። የሚያልቀው እህል ደግሞ ባለቤት አለው። የሠፈሩ ልጅ በጠገበበት ሌሊት የባላገሩ ልጅ ጾሙን አድሯል። ስለ ጓዝ ሕፃናት ስንጽፍ ይህን ብንዘነጋ እውነቱን በግማሽ እንደ መናገር ይሆንብናል።

የጓዙ ሥራ የሴት ሥራ ነበር። ጉዞው ሲነጋጋ ይጀመራል፤ ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ፣ ከፍ ያለው ልጅ የበቅሎዋን ጭራ ተከትሎ ይሄዳል። ስንቁ በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ ነው፤ በሶ እሳት የማይፈልግ በመሆኑ በመንገድ ላይ ለልጅ በውሃ ይበጠበጥለታል። ከሰዓት በኋላ ሲሠፈር ወታደሩ ጋሻውን ሰቅሎ ያርፋል። ሴቲቱ ግን ስትደርስ ሥራዋ ይጀመራል፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ በመካከሉም ታጠባለች። በማግሥቱ ያንኑ ጓዝ ጠቅልላ ትነሣለች።

ይህ ኑሮ በምስክሮች ዘንድ በሰፊው ተጽፎ የምናገኘው በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሠፈር ማስታወሻ የሚይዙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩበት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖልን ያስጎትቱ ነበር። ለመድፉ ሲባል በየገደሉ መንገድ ይጠረባል፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የበሽሎን ሸለቆ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሙሉ! ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚነገረን የመድፉ ታሪክ ነው። ከመድፉ ኋላ ግን ከተዋጊው በቁጥር የሚበልጥ ሴትና ሕፃን፣ በተራቆተና ባመፀ አገር መካከል፣ መድፉ በሚራመድበት ፍጥነት ይራመድ ነበር። አንድ መድፍ አንድ ጋት እስኪገፋ ድረስ ልጅ ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ ያድጋል። ጡት ይጠባ የነበረ ሕፃን በዚያ መንገድ ላይ ጡት የጣለ፣ ይድህ የነበረም በእግሩ የቆመ አይጠፋም።

መድፉን የሠሩት አውሮፓውያን ሠራተኞችም የጓዙ ክፍል ነበሩ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ኢትዮጵያውያን ሚስቶች አግብተው ልጆች ወልደው ነበር። ስዊሳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያገባት የንጉሡ ወዳጅ የነበረው የጆን ቤል ልጅ ነበረች፤ እናቷም ኢትዮጵያዊት ናት። ሚሲዮናዊው ፍላድ በ1858 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ እንዲመለስ መያዣ ሆነው ቀርተዋል። በዘመኑ ፖለቲካ ልጅ ስንቅ ብቻ ሳይሆን ዋስም ነበር ማለት ነው። ከመቅደላ መውደቅ በኋላ እነዚህ ቤተሰቦች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ዙላ ወረዱ፤ ዋልድማየርና ሚስቱ ኋላ ሊባኖስ ገብተው ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

በዚያው የመመለሻ ጉዞ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ልዑል ዓለማየሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱን አጣ። ሰሜን አገሯ ልትመለስ ተስፋ ያደረገችው እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ስትጓዝ፣ በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ ታማ ሞተች፤ ጨለቆት ሥላሴም ተቀበረች። ልጁ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የተጓዘው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ነው። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ዘንድ አሉታዊ መልስ አገኘ። ስለ ዓለማየሁ ሲጻፍ ልዑልነቱ ይቀድማል። እኛ ግን በዚያ ግንቦት ከጨለቆት ወደ ባሕር በበቅሎ ሲወርድ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱን ወላጆቹን ያጣ ሕፃን መሆኑ እንዲቀድም እንሻለን።

ስለ ዐድዋ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ እናልፋለን። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ከአዲስ አበባ የተነሣው ሠራዊት የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ እስኪዋጋ ድረስ አምስት ወር ገደማ ተጉዟል። እቴጌ ጣይቱ ከነሠራዊታቸው መዝመታቸው፣ ሴቶች በጦርነቱ ቀን ውሃ ማቅረባቸው ይነገራል። ውሃ ያቀረበችው ሴት በጀርባዋ ምን አዝላ ነበር የሚለው ግን አይነገርም።

እስካሁን የተናገርነው ከእናቱ ጋር ስለ ተጓዘ ልጅ ነው። በዚያው ዘመን፣ ብዙ ጊዜም በዚያው መንገድ፣ ሌላ ቅፍለት ይጓዝ ነበር፤ ስለ እርሱ ዝም ብንል ጽሑፋችን የሐሰት ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ የአገራችን ክፍል ተይዘው በጎጃም ባሶ፣ በሸዋም አልዩ አምባ ገበያ እያለፉ ወደ ምጽዋና ወደ ታጁራ የሚነዱት ባሪያዎች አብዛኞቹ ሕፃናትና ልጃገረዶች ነበሩ። ነጋዴ ልጅ የሚመርጠው አያመልጥም፣ ቋንቋም ቶሎ ይለምዳል ብሎ ነው። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ቀረጥ ተቀባዩም የኛው አገር ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ 204 ሰዎችን ነፃ አወጣች፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከነዚህ 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪቃ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። እያንዳንዱም ልጅ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተያዘ፣ በስንት እጅ እንዳለፈ ተጠይቆ ቃሉ ተጻፈ። በአገራችን ታሪክ ልጅ ስለ ጉዞው በራሱ አንደበት ሲናገር ከምንሰማባቸው ጥቂት መዝገቦች አንዱ ይህ ነው፤ የተጻፈውም በባዕድ አገር መሆኑ ያሳፍራል። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች፤ በሮበን ደሴት ዐሥር ዓመት የታሰረው የደቡብ አፍሪቃው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ የራሳችን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ሽብርን፣ ጦርነትንና ረሃብን የሸሸ ቤተሰብ ከጎንደር በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ገዳሪፍ በእግሩ ተሻገረ። ብዙው የሚሄደው ሌሊት ሌሊት ነበር። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣ በኋላ ከአፍሪቃ ከመጡት ስደተኞች መካከል በዚያ ዐሥር ዓመት የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የዋሽንግተን አካባቢው ማኅበረሰባችንም በዚያ ጊዜ ነው የተስፋፋው። ከአባላቶቻችን መካከል ያን መንገድ በእናቶቻቸው ጀርባ የተጓዙ አሉ። እናቶቻቸው በሕይወት ያሉት ዛሬ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን የጽሑፍ ክፍል ስለ ድርጅቶች መከፋፈል የሚሰበስበውን ሰነድ ለአንድ ዓመት ያህል ጋብ አድርጎ፣ የነዚህን እናቶች ቃል በየቤታቸው እየሄደ እንዲጽፍ ሐሳብ አቅርበናል። ሐሳቡ በክርክር ላይ ነው፤ «ይህ የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም» ያሉ ጓዶች አሉ። አንስማማም።

ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በኋላ ጥቂቶቻችን ልጆቻችንን ይዘን አሌክሳንድሪያ፣ ዲዩክ ጎዳና ቁጥር 1315 ወዳለው ቤት ሄድን። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንሄድ በአጠገቡ እናልፋለን። እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ማከማቻ ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ነጋዴዎቹ ከዚህ የሰበሰቧቸውን ጥቁር ሕዝቦች አንዳንዶቹን በመርከብ፣ ሌሎቹን በእግር ወደ ሚሲሲፒዋ ናቼዝ ይነዷቸው ነበር፤ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ። ፌዘርስተንሆ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1834 ከነዚህ ቅፍለቶች አንዱን በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል አግኝቶ ያየውን ጽፏል። ሦስት መቶ ያህል ሰዎችና ዘጠኝ ጋሪዎች ነበሩ። ወንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንሰለት ታስረዋል፤ ሴቶችና ልጆች ከእሳት ዳር ይሞቃሉ። መራመድ የማይችሉት ሕፃናት በጋሪ ይጫኑ ነበር።

ልጆቻችን በጡብ በተነጠፈው መንገድ ላይ እየሮጡ ነበር። ያች የአምስት ዓመት ልጅ ግን ከእናቷ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበርና፣ ልጆቹ በጋሪ እናቶቻቸው በእግር ይሄዱ እንደነበር ስትሰማ፣ «እናታቸው ከጋሪው ኋላ ትታያቸው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «አንዳንዶቹን» አለቻት።