ስለ ማይሰን የፖርሴሊን አራዊት

ኀያሉ አውግስጦስ የተባለው የሳክሶኒያ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ በ1710 እ.ኤ.አ. በማይሰን የፖርሴሊን ፋብሪካ አቋቋመ። ኋላም በድሬስደን ከተማ ላለው “የጃፓን ቤተ መንግሥት” ማስጌጫ፥ መጠናቸው የሕያዋኑን ያህል የሆነ የአራዊትና የአዕዋፍ ምስሎች እንዲሠሩለት አዘዘ። በ1731 የተቀጠረው ቀራፂ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር ሕያዋኑን እየተመለከተ ብዙዎቹን ቀረፀ። ነገር ግን ጭቃው እንዲህ ላለው ግዙፍ ሥራ የሚስማማ ስላልነበረ፥ ምስሎቹ በእቶን ውስጥ ተሰነጠቁ፤ ንጉሡም ሥራው ሳይፈጸም በ1733 ሞተ።

ሰብሳቢ እንከን የሌለበትን ዕቃ መምረጡ የተለመደ ነው። ለታሪክ መርማሪ ግን ስንጥቁ የንጉሥ ትእዛዝ የእሳትንና የጭቃን ጠባይ ሊለውጥ እንዳልቻለ ይመሰክራል። ስለዚህ ስንጥቁን ደፍኖ የሚሰውር ሰው፥ ዕቃውን ሲያሳምር ምስክሩን ያጠፋል።