ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ

በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የታወቀ፣ የባህል ዜማን ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋር ያዋሐደ የሙዚቃ ስልት። ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ይገኛሉ፤ የእንደገና የመድረክ ስም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» ስለሆነ አሳታሚ ድርጅት ሊመስል ይችላል። ከሥራዎቻቸው የተወሰኑትን ያሳተመው ግን የዋሽንግተን ዲሲው 1432 አር ነው። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» በ2014 በዚሁ አሳታሚ፣ «ዘላለም» ደግሞ በ2016 በኒውዮርኩ አርቪኤንጂ ወጥተዋል።

የስልቱ ውበት ከምቱ ይጀምራል። የአውሮፓ ቴክኖ በአራት እኩል ምት ሲረግጥ፣ የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይወዛወዛል፤ ሁለቱን ማስማማት ጆሮ ይጠይቃል። የማሲንቆዋ አንዲት የጭራ ክር ስትፈገፈግ የምታወጣው ሻካራ ድምፅ ተቆርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ከወፍራም ቤዝ በላይ ሲቀመጥ የአዝማሪው ለዛ አይጠፋም። የሙዚቀኞቹ ትልቁ ስኬትም ይኸው ነው።

መንገዱን ቀድሞ የጠረገው ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ነው፤ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ቀርጿል። የሮፍናን አልበም «ነጸብራቅ» (2018) ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ወደ ሰፊው የአገር ቤት አድማጭ አድርሷል።