ዜና ቶማስ ዊልስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፥ በኒው ሳውዝ ዌልስ የተወለደው ቶማስ ዊልስ፥ ባለ ብዙ መንጋ የነበረው አባቱ ሆራሺዮ ወደ ምዕራብ ቪክቶሪያ ሲዘልቅ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ በነባሮቹ በጃብ ዉሩንግ ልጆች መካከል አደገ፤ ቋንቋቸውንና ዜማቸውንም ለመደ። 14 ዓመት ሲሞላው ትምህርት ይቀስም ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር፥ ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ተላከ፤ እርሱ ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ ክሪኬቱንና እግር ኳሱን ጠንቅቆ በ1856 መጨረሻ ወደ ሜልቦርን ተመለሰ።

በ1858 በጁላይ ወር ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ፥ የክሪኬት ተጫዋቾች በክረምት ሰውነታቸው እንዳይዝል የእግር ኳስ ማኅበር ይቋቋም፥ ይህም ባይሆን የጠመንጃ ተኩስ ማኅበር ይቁም ሲል መከረ። ሁለተኛውን ምክር ይዘው ቢሆን ኖሮ ይህ ዜና ባልተጻፈም ነበር።

በኦገስት 7 ቀን የስኮች ኮሌጅና የሜልቦርን ግራመር ተማሪዎች 40 ለ40 ሆነው በሪችመንድ መስክ ሲገጥሙ፥ ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ዊልስ ነበረ። መስኩ የተስተካከለ ሜዳ አይምሰላችሁ፤ ግቦቹ ግማሽ ማይል ያህል ተራርቀው፥ እኛ ባሕር ዛፍ የምንለው ዛፍ በትውልድ አገሩ እንደ ልቡ በበቀለበት መካከል፥ 80 ብላቴና አንዲት ኳስ ያሳድድ ነበር። ባያልቅላቸው በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ጊዜ ደግመው ቢገናኙም፥ አንዳንድ ግብ አግብተው አቻ ለአቻ ተለያዩ።

በሜይ 17 ቀን 1859 ዊልስና ባልንጀሮቹ ሀመርስሊ፥ ቶምሰንና ስሚዝ በጄሪ ብራያንት ሆቴል ተሰብስበው 10 አንቀጽ ያለው የእግር ኳስ ሥርዓት ደነገጉ። በራግቢ የተለመደው ቅልጥም መርገጥ ተከለከለ፤ ሌላው የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ ለቀለበ ሰው ግን ማንም ሳይጋፋው እንዲመታ ተፈቀደለት፤ የዛሬው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ጌጥ የሆነው ያ በሰው ትከሻ ላይ የሚዘለል ዝላይም ከዚህች አንቀጽ በቅሎ ነው። ዊልስ ራሱ ለሜልቦርን፥ ኋላም ለጂሎንግ ቡድን አለቃ ሆኖ ተጫወተ።

አባቱን ተከትሎ ወደ ኩዊንስላንድ በተሻገረበት ዘመን፥ በኦክቶበር 17 ቀን 1861፥ እርሱ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሳለ የአገሩ ነባር የጋይሪ ሰዎች በኩሊን ላ ሪንጎ ሰፈራቸው ላይ ወርደው አባቱን ጨምሮ 19 ነፍስ አጠፉ፤ ስለ በቀልም ሰፋሪዎቹና ፖሊሶቹ ከዚህ ቁጥር እጅግ የበዛ የነባር ሕዝብ ደም አፈሰሱ።

የዚህ ሰው ነገር የሚያስደንቀኝም ከዚህ በኋላ ነው፤ አባቱ በተገደለ በአምስተኛው ዓመት በምዕራብ ቪክቶሪያ የነባር ሕዝብ ጐልማሶችን ክሪኬት ያሠለጥን ጀመር፥ በ1866 በልደት ማግስትም በሜልቦርን ሜዳ በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት ይዟቸው ወጣ። ይቅርታ ይሁን፥ ገንዘብ ፍለጋ ይሁን፥ ወይስ የልጅነት ዜማ ናፍቆት፥ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ያውቃል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በ1868 ወደ እንግሊዝ ሲሻገሩ ግን አለቃቸው ቻርልስ ሎውረንስ እንጂ ዊልስ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መጠጥ ጸናበት፤ በሜይ 2 ቀን 1880 በሄይድልበርግ፥ በ44 ዓመቱ፥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። መቃብሩ ያለ ጽሕፈትና ያለ ምልክት ቆይቶ፥ ድንጋይ የቆመለት በ1980 ነው።