ትናንት የተወገዘ ዜማ ዛሬ ቅርስ የሚሆነው እንዴት ነው?

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ዛሬ “የድሮ ሙዚቃ” ተብሎ በናፍቆት የሚደመጠው ሥራ፣ በተወለደበት ዘመን ብዙ ጊዜ ጸያፍ ወይም ባዕድ ተብሎ የተነቀፈ ነው። የቦራማ፣ የአዲስ አበባና የዳሬሰላም ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የሙዚቃ ምርጫ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚለወጠው በወጣቶች ስሜት ብቻ አይደለም። ዜማውን ለአድማጭ የሚያደርሰው መሣሪያና መሣሪያውን የሚቆጣጠረው አካልም ድርሻ አላቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወጣትነት ዜማ

ስለ ሰው ልጅ ትዝታ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳመለከቱት፣ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ አጉልተው የሚያስታውሱት በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሳለፉትን ነው። በዚያ ዘመን የተሰማ ዘፈን ከመጀመሪያ ፍቅር፣ ከትምህርት ቤትና ከወዳጅነት ጋር ተሳስሮ ይቀራል። ስለዚህ “የዛሬ ልጆች ሙዚቃ አያውቁም” የሚለው ወቀሳ በየትውልዱ ይደጋገማል። ወቃሾቹም በተራቸው ተወቅሰው ያደጉ ናቸው።

የመኪና አሽከርካሪው ግጥም

በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በብሪታኒያ ሥር በነበረችው ሶማሊላንድ፣ አብዲ ሲኒሞ በሚል ቅጽል የሚታወቅ የጭነት መኪና አሽከርካሪ “ባልዎ” የተባሉ አጫጭር የፍቅር ግጥሞችን በዜማ ማሰማት ጀመረ። ሥነ ግጥም የጎሣ ሙግት፣ የጦርነትና የዕርቅ መሣሪያ ሆኖ በኖረበት ማኅበረሰብ ዘንድ፣ ይህ አዲስ ዘፈን ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም። የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ወጣቱን ያባልጋል በማለት አወገዙት።

ሆኖም ባልዎ እየረዘመና በዑድ እየታጀበ “ሄሎ” ወደሚባለው የዘፈን ዓይነት አደገ። ሄሎም የነፃነት ትግሉ ድምፅ ሆነ። የሐርጌሳ ሬዲዮም ትናንት የተወገዘውን ስልት ለሕዝብ ሁሉ አሰማ።

ከሸክላ ወደ ካሴት

በአዲስ አበባ ደግሞ ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስመ ጥር ድምፃውያን የክብር ዘበኛን፣ የጦር ሠራዊትንና የፖሊስን በመሳሰሉ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ግን ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አቶ አምሐ እሸቴ ይህን ገደብ ጥሰው አምሐ ሬከርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው በአሜሪካ ሙዚቃ የተማረከው የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። ኩባንያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶ ያህል ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ አቶ አምሐም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የሸክላን ቦታ ካሴት ወሰደ። ካሴት ርካሽና በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ፣ ሙዚቃው ከክበብ ወጥቶ ወደ ሱቅ፣ ወደ ታክሲና ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በኋላም ኪቦርድ የነሐስ መሣሪያዎችን ተክቶ ለቀጣዩ ትውልድ ጆሮ የተለመደ ድምፅ ሆነ።

የተረሱት ሸክላዎች ዳግም የተነሡት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ በታተሙት የ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ ሲዲዎች ነው። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ዘመኑን ያልኖሩበት ወጣቶች ጭምር የዚያ ዘመን አድማጮች ሆኑ።

ከሶል ወደ ሲንጌሊ

አምሐ ሬከርድስ በተመሠረተበት በዚያው በ1969፣ የዳሬሰላም ባለሥልጣናት የሶል ሙዚቃን ባዕድ ነው ብለው ከለከሉ። የመንግሥቱ ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ ብቸኛው የሀገሪቱ የአየር ሞገድ ባለቤት ነበር። በ1990ዎቹ የግል ጣቢያዎች ሲፈቀዱ ግን በስዋሂሊ የሚቀነቀን ራፕ ተስፋፋ፤ ይህም “ቦንጎ ፍሌቫ” ተባለ። ሌላው መጠሪያው “የአዲሱ ትውልድ ሙዚቃ” የሚል ነበር። ብዙ ወላጆች ዘፋኞቹን እንደ ዱርዬ ይቆጥሯቸው ነበር። ይሁንና ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ የሆነው ጆሴፍ ምቢሊንዪ በ2010 የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ዛሬ ያ አዲስ ትውልድ ራሱ ወላጅ ነው። ልጆቹ ደግሞ በከተማይቱ ድሃ ሰፈሮች የተወለደውንና በደቂቃ ከ200 ምት በላይ የሚፈጥነውን ሲንጌሊን ይጨፍራሉ።

የሚመለሰው የተቀመጠ ብቻ ነው

የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ዜማ መልሰው መውደዳቸው የተለመደ ነው፤ ግን ለመመለስ ቅጂ ሊኖር ይገባል። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ጦር ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ፣ የከተማይቱን ሬዲዮ ክሮች ከጥፋት ለማዳን የተነሡ ሰዎች ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት ሀገራት አሸሹ። ከጦርነቱ የተረፉ ሥራዎችን ያካተተ አንድ አልበም በ2017 ታትሞ ለግራሚ ሽልማት ታጨ። ዛሬ በሐርጌሳ በሚገኝ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ወደ ዲጂታል ቅጂ ሲቀየሩ ቆይተዋል።

የካሴት ክር በዘመን ብዛት ድምፁ ይደክማል። በስልክ ብቻ የሚደመጥ ሥራም ቢሆን የቀረበበት ገጽ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሽማግሌዎች ያወገዙት ባልዎ ቅርስ ለመባል የበቃው የወደዱት ወጣቶች ስላልጣሉት ነው። ዛሬ ጩኸት የሚባለውም ዘፈን ነገ የሚናፈቅ መሆን አለመሆኑን የሚያውቁት ገና ያልተወለዱ አድማጮች ናቸው፤ እነርሱ ሊፈርዱ የሚችሉት ግን ቅጂው ከደረሳቸው ነው።