የሰኔ ገጽ፦ ማኅደረ ተግባር፣ ግለ ሂስና የተማሪው የራሱ ምስክርነት

(መቐለ ላይ ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



የታሪክ መምህር ስለ ተማሪዎች ማኅደረ ተግባር ሊናገር ሲነሣ «ይህ የሥነ ትምህርት ሰዎች ጉዳይ አይደለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ አልፈርድባችሁም። እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ አንድ የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተር ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይላል። ከዚያ ሦስት መስመር ባዶ ነው። ከባዶው በታች በሌላ እስክሪብቶና በተለወጠ የእጅ ጽሕፈት የ2015 ዓ.ም. ቀን ሰፍሮ ትምህርቱ ይቀጥላል። አዲስ ደብተር የሚገዛበት ጊዜ ስላልነበረ አሮጌውን ነው የቀጠለችው።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እንደ ማይ ወይኒ ያሉ የመቐለ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። በአሥራ አራት ዓመቷ ከክፍል የወጣች ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደዚያው ክፍል ተመለሰች። የታሪክ ሰው ሆኜ የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህች ልጅ በሦስቱ ዓመታት ምን እንደ ረሳች፣ ምን እንደ ተማረች፣ አሁን ራሷን እንዴት እንደምታይ በየትኛው የትምህርት ቤት ሰነድ ላይ እናገኘዋለን?

መልሱ «በየትኛውም» ነው። ለዚህም ተጠያቂው ጦርነቱ ብቻ አይደለም።

የትምህርት ቤቶቻችንን ቤተ መዛግብት የፈተሸ ሰው የሚያገኘውን ያውቀዋል፦ ሮስተር፣ የስም መጥሪያ፣ የካርድ ቀሪ፣ የቅጣት ደብዳቤ፣ የሚኒስትሪና የማትሪክ ውጤት። እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ስለ ተማሪው የተናገራቸው ናቸው። ተማሪው የተናገረው ደግሞ በደብተሩ ውስጥ ነበረ፤ ደብተሩም ክረምት ሲገባ ወደ ሱቅ ሄዶ የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። እኔ ራሴ በ1970ዎቹ እዚሁ መቐለ ስማር ሰኔ 30 ካርዳችንን ተቀብለን የወጣን ዕለት ደብተሮቻችንን በኪሎ ሸጠን ከረሜላ ገዝተናል። የትውልዴን የትምህርት ታሪክ ለመጻፍ ብነሣ ከማንም በላይ የሚጠቅመኝን ምንጭ ለከረሜላ ለውጬዋለሁ ማለት ነው።

ማኅደር የሚለው ቃል በቤተ ክህነት የብራና መጽሐፍ የሚጠበቅበት፣ በማንገቻው ከግድግዳ የሚሰቀለው የቆዳ መያዣ ነው። «ፖርትፎሊዮ»ን «ማኅደረ ተግባር» ያሉት ሰዎች ጥሩ ቃል መርጠዋል። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ እዚያው ይታረምለታል። ራስን በሥራ መመዘን ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ቅኔ በአብዛኛው አይጻፍም፤ ነገ ሌላ ይተካዋል። ማኅደሩ ለመጽሐፉ እንጂ ለተማሪው ሥራ አልተሰፋም።

ማኅደረ ተግባር ወደ ዘመናዊው ትምህርታችን ሲገባ ደግሞ የገባው በመምህሩ በኩል ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ታወጀ፤ በክፍል ውስጥ ትርጉሙ ግን ብዙ ትንንሽ ፈተና ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመምህራን አሠልጣኞች የሃየር ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተጀመረ። ከዚያም በተከታታይ ሙያ ማሻሻያው እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠለጥንና የራሱን ማኅደር እንዲይዝ ተጠየቀ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ባለሙያ በሥራው ላይ እያሰላሰለ ይማራል ያለው ሐሳብ ነው በብዙ እጅ ዞሮ እኛ ዘንድ የደረሰው። እኔም ከሠልጣኞቹ አንዱ ነበርሁ። ልናዘዝ፦ በየሳምንቱ ልጽፈው የሚገባኝን የዓመት ነጸብራቅ በማስረከቢያው ዋዜማ በአንድ ሌሊት ጻፍሁት። አስመስሎ ለመጻፍ ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጠቅሜአለሁ። (ሣቅ) ትሥቃላችሁ፤ ከናንተ መካከል አራት ዓይነት የተጠቀመ እንዳለ አውቃለሁ።

ያን ሌሊት የጻፍሁትን በቅርቡ መልሼ ሳነበው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ቋንቋው የማሰላሰል ቋንቋ አይደለም። «በዚህ ረገድ ክፍተት ነበረብኝ፤ ለወደፊቱ አሻሽላለሁ» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከየት ነው የማውቀው? ከስብሰባ ነው። የግለ ሂስ ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ስለሚመስለኝ። ሂስና ግለ ሂስ በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ከግራ ጽሑፎች ጋር ገብቶ በደርግ ዘመን በየማኅበሩ ስብሰባ የተለመደ ሥርዓት ሆነ። በሕወሓት የትጥቅ ትግል ውስጥ ግምገማ የድርጅቱ የዕለት ኑሮ ነበር፤ ከ1983 በኋላም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተሻገረ። በነዚህ ሁሉ መድረኮች ስለ ራስ መናገር ማለት በሌሎች ፊት ቆሞ ጥፋትን መቁጠር ነው። ብልህ ሰው የማይጎዳውን ጥፋት መርጦ ያምናል። ይህን ያህል ዘመን የሠለጠነ ኅብረተሰብ ልጁን «ስለ ትምህርትህ ራስህን መርምር» ሲለው ልጁ ምን ይጽፋል? «ዘንድሮ ሰንፌአለሁ፤ ለከርሞ እጠነክራለሁ።» በጥናት ሳይሆን በመምህርነቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልቆጥረውም። ተማሪው አልዋሸም፤ የተሰጠው የጽሑፍ ዓይነት ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ የቬርሞንት ግዛት በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተማሪዎችን ማኅደር በግዛት ደረጃ ሊመዝን ሞክሮ ነበር፤ ሁለት አራሚዎች በአንድ ሥራ ላይ የሚሰጡት ነጥብ አልገጥም ብሎ ተቸገሩ። ኬንታኪ በበኩሉ ተማሪው በማኅደሩ መግቢያ ላይ ስለ ጸሐፊነት ዕድገቱ ለአንባቢው ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረገ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ተጠያቂነት መለኪያ ሲሆን ግን ጫናው በመምህሩም በተማሪውም ላይ ከበደ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ከተጠያቂነት ሥርዓቱ ወጣ። ነጥብ የሚሰጥበት ኑዛዜ ኑዛዜነቱ ያበቃል።

ስለዚህ እኔ ማኅደረ ተግባር ፈተናን ይተካ አልልም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ ፈተናውን የሚደብቅ ነገር ማምጣት ተማሪውን መሸንገል ይሆናል። ያ ቁጥር ግን ምን እንዳልታወቀ እንጂ ለምን እንዳልታወቀ አይነግረንም፤ የመቐለ ልጆች ደግሞ በዚያ ፈተና ላይ ስላልተቀመጡ በቁጥሩ ውስጥ እንኳ የሉም።

የምለው ትንሽ ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሰኔ ወር ከደብተሮቹ ሦስት ገጽ ይምረጥ፤ አንዱ ያልገባው ነገር ያለበት ገጽ ይሁን። ለምን እንደ መረጣቸው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ነጥብ አይሰጠው። በትግርኛ ይጻፍ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ በዚያ ቋንቋ ስለ ራሱ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ከመማሪያ መጽሐፉ ይቀዳል። ስድሳ ተማሪ ያለው መምህር ስድሳ ገጽ ማንበብ ይችላል፤ እንደኔ ግምት ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ዕቅድ ሁሉ በአንድ ሌሊት በሦስት እስክሪብቶ ይጻፋል።

አንድ ሥጋት ግን አለኝ፤ ይህንን ሳልናገር ብወርድ ታማኝ አልሆንም። ከዚህ ከተማ ተማሪዎች መካከል ሦስቱን ባዶ ዓመታት ሊጽፉ የማይፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ስለ ባዮሎጂ ጻፊ ያልናት ልጅ ስለ ወንድሟ ብትጽፍ ያነበበው መምህር ምን ያደርጋል? ወረቀቱስ የት ይቀመጣል? በሮስተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዳግመኛ የግምገማ ሰነድ ይሆናል። ስለዚህ ገጹ የተማሪው ንብረት ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለስ እላለሁ። ለታሪክ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ምንጩን ላላገኘው እችላለሁ።

የእህቴን ልጅ ከሦስቱ ባዶ መስመሮች በላይና በታች ያለውን ጽሑፍ እያሳየሁ «ምን ታያለሽ?» አልኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የላይኛውን እየነካች፣ «ይህችኛዋ የነገሯትን ሁሉ ትጽፍ ነበር» አለችኝ፤ የታችኛውን እየነካች፣ «እኔ ግን ያልገባኝን ዘልዬዋለሁ፣ እየው» አለች። አየሁት። በየመካከሉ ክፍት ቦታ ትታ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። በካርዷ ላይ የዚያ ዓመት የባዮሎጂ ውጤት ከቀድሞው ያነሰ ነው።

ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ላድርገው ብዬ ስጠይቃት ሁለቱን ገጽ ብቻ ፈቀደችልኝ፤ ሌላውን ይዛው ሄደች።