ኮሌጅ ነጻ ሲሆን ማን ይጠቀማል?

እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የኮሌጅ ክፍያ በዓመት 4,000 ዶላር ነው እንበል። አንዱ ተማሪ የድሃ ልጅ ስለሆነ ፔል የሚባለው የፌዴራል ድጎማ ሙሉውን ይሸፍንለታል፤ ሌላው ድጎማ አያገኝም። አሁን «ኮሌጅ ነጻ ሆነ» ቢባል አዲሱ ገንዘብ ለማን ይደርሳል? ለሁለተኛው!

በአሜሪካዋ ቴነሲ የሆነው ይኸው ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ በኖክስ ካውንቲ ተሞከረ። በ2014 እ.ኤ.አ. ገዥው ቢል ሃስላም «የቴነሲ ቃል ኪዳን» የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ በ2015 የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ገቡ። ከሎተሪ ገቢ የሚመጣው ገንዘብ የሚከፍለው ሌላው ድጎማ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው። መጽሐፍ፣ ትራንስፖርትና ምግብ የሉበትም።

ታዲያ ለድሃው ምንም አልፈየደም? ፈይዷል እንጂ። በዚያው ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጆቹ አዲስ ገቢዎች በሩብ ገደማ ጨመሩ። ድጎማው እኮ ድሮም ነበር፤ ግን በቅጽ ክምር ተሸፍኖ ነበር። «ነጻ ነው» የሚለው አጭር ቃልና ቅጹን አብሮ የሚሞላ አማካሪ እንዲታይ አደረጉት።

ሆኖም ማስገባትና ማስጨረስ ይለያያሉ። የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያጣ ተማሪ፣ ክፍሉ ነጻ ቢሆንም ወንበሩ ባዶ ነው።